የ83ቷ ዲኤክስ ሞተር ልትቀይር ነው፦ 5ኬ ይሻላል ወይስ ኢንጀክሽን? (ደብረ ብርሃን)

የባሶ ልጅ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ሁሌ አንብቤ ነው የምሄደው፣ ዛሬ ግን ልጠይቅ።

የ1983 (እ.ኤ.አ.) ዲኤክስ ኮሮላ አለችኝ። ሞተሯ የራሷ 4ኬ ነው፣ ካርቡራተር፣ ባለ አምስት ማርሽ። ቦዲዋ ንጹህ ነው፣ ዝገት የለባትም ማለት ይቻላል። ችግሩ ሞተሩ ላይ ነው። ጠዋት በውርጭ ለማስነሳት መከራ ነው። ዘይት ትጠጣለች። ወደ ጣርማ በር ስወጣ ሁለተኛ ማርሽ ላይ ታለቅሳለች። የጫነ ሲኖትራክ ሳይቀር ጥሩምባውን እየነፋ ያልፈኛል።

መኪና ልቀይር ብል የሚታሰብ አይደለም። በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት በ2016 ከቆመ ወዲህ የአሮጌ መኪና ዋጋ የት እንደደረሰ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ሞተር ልቀይርላት ነው። ሞተር አውርጄ አላውቅም። ፍሪሲዮንና የቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ጓርኒሲዮን ግን ከመካኒክ ጓደኛዬ ጋር ሆነን ቀይረናል። ግቢ አለኝ፣ ፓራንኮ (ሞተር ማንሻ ሰንሰለት) የሚያውሰኝም አለ።

ያሰብኩት፣ ወይ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ (የመለዋወጫ ገበያው) ወርጄ የ4ኬን ታላቅ 5ኬ መፈለግ፣ ወይ ደግሞ ከነኮምፒውተሩ 1.6 ኢንጀክሽን 4ኤ መግዛት ነው። ምን ትሉኛላችሁ? ከየት ልጀምር?

ቱርቦ ሸገር

በዚህ ዘመን 5ኬ? አቦ ተው። 4ኤ ክተትባት። 16 ቫልቭ፣ ኢንጀክሽን፣ ጠዋት አንዴ ቁልፍ ማዞር ብቻ ነው። ቾክ መጎተት የለ፣ ካርቡራተር መነካካት የለ። እኛ ሰፈር አንዱ አስገብቶ ቪትዝ ምናምን አጠገቡ አይደርስም። አንዴ ነው የምታወጣው፣ ከዚያ ዘና ብለህ ትነዳለህ።

ጋሽ መፍቻ

የባሶ ልጅ፣ እንደምን አመሸህ። አዲስ ሞተር ከመግዛትህ በፊት ያለህን ለካው። ኮምፕሬሽኑ ታይቷል ወይ?

ደግሞ ጭሱን ንገረኝ። ሰማያዊ ነው ጥቁር? የሚጨሰው ጣርማ በርን ስትወጣ ነው ወይስ ወደ ደብረ ሲና ወርደህ ታች ነዳጅ ስትረግጥ?

ለምን እንደጠየቅሁህ ልንገርህ። ቁልቁለት ላይ እግርህን ከነዳጅ ታነሳለህ፣ ሞተሩ ግን በማርሽ ይዞራል። ያኔ ሲሊንደሩ ውስጥ መሳቡ ስለሚበረታ ዘይት በቫልቮቹ ዘንግ በኩል ሾልኮ ይገባል። ታች ደርሰህ ስትረግጥ አንዴ ቡን ብሎ ሰማያዊ ከወጣና ከቆመ፣ ጥፋቱ የቫልቭ ጎሚኒ (ዘይት እንዳያልፍ የሚያግደው ላስቲክ) ነው። ያ በርካሽ ይታለፋል። ሽቅብ ስትጫን ያለማቋረጥ ከጨሰ ግን ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል። ጥቁር ጭስ ከሆነ ደግሞ የተቃጠለው ዘይት ሳይሆን የበዛው ቤንዚን ነው።

ቴርሞስታቱስ ቦታው አለ?

የባሶ ልጅ

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ጭሱ ሰማያዊ ነው፣ ሽቅብ ላይ ነው የሚብሰው። ቁልቁለት ላይ ልብ ብዬ አላየሁትም። ኮምፕሬሽን አልተለካም።

ቴርሞስታት የለም። በፊት የያዛት መካኒክ «ለእኛ አገር አያስፈልግም» ብሎ አውጥቶ ጥሎታል።

የደሴ መስመር

ከአዲስ አበባ ደሴ ዓመታት ነድቻለሁና አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ግማሹ ችግርህ ሞተሩ ሳይሆን ከተማህ ነው 😄

ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር አልፋ ነው የተቀመጠችው። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ በባሕር ጠለል ካለው ከመቶ 72 እጅ ያህል ነው። 4ኬ 1,290 ሲሲ ነው። እዚያ ላይ የሚስበው አየር ግን ታች ባሕር ዳርቻ ላይ አንድ 930 ሲሲ ሞተር የሚስበውን ያህል ነው። ጣርማ በር ከዚያም በላይ ነው፣ ከ3,000 ሜትር በላይ። ያው መኪና ሸዋ ሮቢት ሲወርድ ነፍስ የሚዘራው ለዚህ ነው። እኛ ሹፌሮች እናውቀዋለን፣ ሲወርዱ የሚዘፍን መኪና ሲመለሱ ያቃስታል።

5ኬ ብታስገባም 1,486 ሲሲ በ72 እጅ ስታባዛው 1,070 ነው የሚመጣው። ማለትም ደብረ ብርሃን ላይ ያለ ጤነኛ 5ኬ ባሕር ዳርቻ ላይ ካለ ጤነኛ 4ኬ ያንሳል። ይሻላል፣ አዎ። ሲኖትራክ ግን ምናልባት አሁንም ያልፍህ ይሆናል።

በነገራችን ላይ ዋሻውን አልፈህ ደብረ ሲና ስትወርድ ቆሎ ሳትገዛ እንዳታልፍ።

ቱርቦ ሸገር

እንግዲህ ራሱ መሰከረ፣ 5ኬ አይበቃም 😂

ጋሽ መፍቻ

ቱርቦ፣ አትቸኩል፣ ወዳንተ እመጣለሁ።

የባሶ ልጅ፣ ኮምፕሬሽን ስትለካ እንዲህ አድርግ። ሞተሩ ይሙቅ። አራቱንም ካንዴላ ፍታ። ወደ ኮይሉ የሚሄደውን መስመር ንቀል። አንድ ሰው ነዳጁን እስከ ጥግ ረግጦ ይያዝ፣ አለበለዚያ አየር አይገባም፣ ንባቡም ውሸት ይሆናል። ቀስቱ መውጣት እስኪያቆም በሞተሪኖ አዙር። ከዚያ በየሲሊንደሩ አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምረህ ድገመው። ቁጥሩ ከፍ ካለ ፋሻ ነው። ካላለ ቫልቭ ወይም ጓርኒሲዮን ነው።

የከፍታው ነገር እዚህም ይገባል። መጽሐፉ ላይ ያለው ቁጥር ለባሕር ጠለል ነው። ታች 170 ፒኤስአይ የሚያነብ ሞተር አንተ ጋ ከ120 ብዙም አይርቅም። ይህን የማያውቅ ሰው ደህናውን ሞተር «ሞቷል» ብሎ ያስቀይርሃል። ዋናው ነገር አራቱ ሲሊንደሮች መቀራረባቸው ነው።

ካንዴላዎቹን ስታወጣ ደግሞ በተራ ደርድራቸውና ፎቶ አንሳልኝ።

የባሶ ልጅ

ለካን። ከአንድ እስከ አራት ሲነበብ 115፣ 80፣ 75፣ 110። ዘይት ጨምረን ስንደግመው ሁለተኛውም ሦስተኛውም 105 ገቡ። የሁለቱ ካንዴላ ርጥብና ጥቁር ነው፣ በጣት ሲነካ ያዳልጣል። የአንድና የአራት ደረቅ ነው፣ ግን እሱም እንደ ከሰል የጠቆረ ነው።

ጋሽ መፍቻ

ፋሻ ነው። ከሁለተኛና ሦስተኛ ሲሊንደር ዘይት እየወጣ ነው። ደረቁ ጥቁረት ደግሞ ሌላ በሽታ ነው። ካርቡራተሩ ቤንዚን ያበዛል። ለቆላ የተሠራ ጄት (ቤንዚን የሚያልፍባት ቀዳዳ) ደጋ ላይ ሲመጣ አየሩ ይሳሳል፣ ቤንዚኑ ግን እንደነበረ ይመጣል። ቴርሞስታት ስለሌለ ደግሞ ሞተሩ በደብረ ብርሃን ብርድ መቼም በደንብ አይሞቅም። ቀዝቃዛ ሞተር ቤንዚኑን በትክክል አያቃጥልም። ያልተቃጠለው የሲሊንደሩን ግድግዳ ዘይት ያጥባል፣ ፋሻውንም ይበላዋል። ያ ወርውሮ የጣለው መካኒክ ሞተሩን ጭምር ነው የጣለው።

ቴስታታውን አንሳና ፒስተኖቹ አናት ላይ የተመታውን ቁጥር ንገረኝ።

ሊብሬ አንባቢ

የወረቀቱን ነገር ማንም አላነሳም፣ ስለዚህ እኔ ላንሳ። ሥራዬ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው።

ሊብሬህ ላይ የሻንሲ ቁጥር ብቻ ሳይሆን የሞተር ቁጥርም አለ። ሞተር ስትቀይር ያ ቁጥር መቀየር አለበት። ሳታስቀይር ከነዳህ ለዓመታዊ ምርመራ ስትሄድ ቁጥሩ አይገጥምም፣ ቦሎም አታገኝም። መኪናዋን ልትሸጥ ብትልም ገዢህ ይሸሻል። አደጋ ቢደርስብህ ደግሞ ኢንሹራንሱ የት ይወስድሃል?

ስለዚህ ብር ከመክፈልህ በፊት ሊብሬህን ይዘህ መኪናው ፋይል ያለበት መንገድ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ሂድና ምን ምን እንደሚፈልጉ ጽፈህ ተመለስ። ከሻጩ ደረሰኝና የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ጠይቅ። ሞተሩ ከተፈታ መኪና የወጣ ከሆነ የዚያ መኪና ሰነድ ከየት እንደመጣ ጠይቅ። ብሎኩ ላይ ያለውን ቁጥር በዓይንህ እይ። በመፋቂያ የተነካካ፣ የተጠገነ፣ ፊደሉ ከሌላው የሚለይ ከሆነ ዞር በል። «ወረቀቱ በኋላ ይመጣል» የሚል ደላላ ካጋጠመህም ዞር በል። ርካሽ ሞተር ያለ ወረቀት ብረት ነው።

የራስህን ብሎክ ካሳደስክ ግን ቁጥሩ አይቀየርም። ይህ ሁሉ ጣጣ ይቀርልሃል። ይህንንም አስብበት።

የባሶ ልጅ

እህቴ ይህን ባትነግሪኝ ኖሮ ቀጥ ብዬ ሶማሌ ተራ ነበርኩ። ነገ ጽሕፈት ቤት እሄዳለሁ።

ጋሼ፣ ቴስታታውን አነሳን። አራቱም ፒስተን ላይ 1.00 ይላል። የሲሊንደሮቹ አናት ላይ ጥፍሬን የሚይዝ ጠርዝ አለ።

ጋሽ መፍቻ

ያው የፈራሁት ነው። 1.00 ማለት ብሎኩ ከዚህ በፊት ተቦርሿል፣ ፒስተኑም ከመጀመሪያው አንድ ሚሊ ሜትር የሰፋ ነው። ለ4ኬ ገበያ ላይ የምታገኘው የመጨረሻው ልክ እሱ ነው። ከዚህ በላይ ማስፋት አይሆንም። ያለህ ምርጫ ወይ አራት ካሚቻ (የሲሊንደር ውስጥ ሽፋን ቱቦ) አስገብቶ ወደ መጀመሪያው ልክ መመለስ ነው፣ ወይ ሞተር መቀየር ነው። ካሚቻው የሚሠራው ጥሩ ሬክቲፊካ ቤት (ሞተር የሚቦርሽ) ነው፣ ዋጋው ከፒስተንና ብሮንዚን (የሞተሩ ዘንግ የሚዞርበት ለስላሳ ብረት) ጋር ሲደመር ከአንድ ደህና 5ኬ ብዙም አይርቅ ይሆናል። የሁለቱንም ዋጋ ጠይቅ። ሊብሬ አንባቢ ያለችው ግን ሚዛን ላይ ይግባ፣ እውነቷን ነው።

አሁን ወደ ቱርቦ ልምጣ። 4ኤ መጥፎ ሞተር አይደለም። እንዲያውም ለደጋ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው። ኮምፒውተሩ የአየሩን ግፊት በሴንሰር እያነበበ ቤንዚኑን ይቀንሳል። ካርቡራተር ይህን አያውቅም። ነገር ግን ገበያ ላይ የምታገኘው 4ኤ ኢንጀክሽን ከፊት ጎማ ከሚጎትቱ ኮሮላዎች የወጣ ነው። እዚያ ሞተሩ አግድም ይቀመጣል። ዲኤክስ ከኋላ የምትገፋ ናት፣ ሞተሯ ቁመቱን ነው የሚቀመጠው። የ4ኬው ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) 4ኤ ላይ አይገጥምም። ከኋላ ለሚገፉ የ4ኤ መኪናዎች የተሠራ ካምቢዮ መፈለግ አለብህ፣ እሱ ደግሞ በቀላሉ አይገኝም። ሱፖርቶቹ (ሞተሩን የሚይዙት) በብየዳ ይሠራሉ። ትራንስሚሲዮኑ (ኃይሉን ወደ ኋላ ጎማ የሚወስደው ዘንግ) ይቆረጣል ወይም ይረዝማል። ቤንዚኑም ሌላ ታሪክ ነው። የካርቡራተር ፖምፓ 0.3 ባር ቢገፋ ነው፣ ኢንጀክሽን ወደ 3 ባር ይጠጋል። ስለዚህ ፖምፓ፣ ቱቦ፣ ቤንዚን ወደ ታንክ የሚመለስበት መስመር ሁሉ ይቀየራል። ከዚያ የኤሌክትሪክ ሽቦው። አንድ ሽቦ ቢሳሳት ደብረ ብርሃን ላይ ማን ይፈታልሃል?

ሦስተኛ ሞተሩን ለሚቀይር ሰው ቢሆን እሺ እል ነበር። ለመጀመሪያው ግን አይሆንም። የተፈታ መኪና ግቢ ውስጥ ሳር በቅሎበት ዶሮ ሲፈለፈልበት ብዙ አይቻለሁ፣ አብዛኛው ደግሞ የተጀመረው በጥሩ ሐሳብ ነው።

ቱርቦ ሸገር

ጋሼ እጅ ሰጥቻለሁ። የሰፈራችን ልጅ ስንት እንዳወጣበት አሁን ጠየቅኩት፣ ስቆ ዝም አለኝ።

የደሴ መስመር

😂😂

የባሶ ልጅ

ጽሕፈት ቤት ሄጄ ነበር። የሚፈልጉትን ነገሩኝ፣ ደረሰኝና ዲክላራሲዮን ዋናው ነው። ካሚቻም ዋጋ ጠየቅኩ፣ አልራቀም ብቻ ሳይሆን ከ5ኬው ሊበልጥ ምንም አልቀረው። በቃ 5ኬ ነው። ሰነድ ያለው አንድ አግኝቻለሁ፣ ከላይትኤስ ቫን የወጣ። ምን ምን ልይ?

ጋሽ መፍቻ

ጎሽ። 4ኬና 5ኬ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። የፒስተኑ ጉዞ በሁለቱም 73 ሚሊ ሜትር ነው፣ ልዩነቱ የሲሊንደሩ ስፋት ነው፣ ከ75 ወደ 80.5። ስለዚህ ካምቢዮህ ይገጥማል፣ የሱፖርት ቦታዎቹም እንዲሁ። የራስህን ሱፖርት ፈትተህ እዚያ ላይ ታስራለህ። ሰንሰለት ነው፣ ቺንጋ አይበጠስብህም።

ከቫን የወጣ በመሆኑ ግን ኮፓውን ተጠንቀቅ። ቫን ላይ ሞተሩ የሚቀመጠው ከወንበር ሥር ነው፣ የዘይት ኮፓውም ቅርጹ ሌላ ነው። ዲኤክስ ላይ ከፊት እግሩ ብረት ጋር ይጋጫል። መፍትሔው የ4ኬህን ኮፓ ከነዘይት መሳቢያ ቱቦው ማዛወር ነው። ሁለቱንም አንድ ላይ። ኮፓውን ብቻ ቀይረህ መሳቢያውን ከተውከው ቱቦው ታች አይደርስም ወይም ይነካካል፣ ሽቅብ ላይ ዘይት ሳይሆን አየር ይስባል፣ ብሮንዚኑም በደቂቃ ያልቃል።

ቮላኖውን፣ ማለትም ፍሪሲዮኑ የሚታሰርበትን ክብ ብረት፣ እና ፍሪሲዮኑን ከአሮጌው ጎን አስቀምጠህ ለካ። ዲስኩ የሚገባበት ጥርስ ከካምቢዮህ ዘንግ ጋር ይግጠም። የካምቢዮው አፍንጫ ገብቶ የሚያርፍባት ትንሽ ኩሽኔታ ቮላኖው መሃል ላይ አለች፣ አዲስ አድርጋት። ቫኑ አውቶማቲክ ከነበረ ጭራሽ ላትኖር ትችላለች፣ ስለዚህ እጅህን ከትተህ ዳብስ።

ሞተሩ መሬት ላይ ሳለ የኋላውን ኦይል ሲል፣ የውሃ ፖምፓውንና የውሃ ታፖዎቹን (ብሎኩ ላይ የውሃውን ቀዳዳ የሚደፍኑትን ክዳኖች) ቀይር። ታፖ የማይረባ ይመስላል፣ ከኋላ ያለው ሲበሳ ግን ሞተር እንደገና ታወርዳለህ። ሻጩ ጋ ሳለህ የዘይት ክዳኑን ክፈትና ከሥሩ እይ። እንደ ቡና በወተት ያለ ነገር ካለ ውሃ ገብቶበታል፣ ተወው። ኮምፕሬሽኑንም እዚያው ለካ፣ የአዲስ አበባና ያንተ ከፍታ ስለሚቀራረብ ቁጥሩ ብዙ አይለይም።

ከሸኖ

ገብቼ ላቋርጥ። ለፓራንኮው የቤት ጣሪያ ማገር እንዳትጠቀም። እኛ ጎረቤት አንድ ማገር ተሰብሮ ሞተሩ መኪናው ላይ ወድቋል፣ ሰው የተረፈው በእግዜር ነው። ሦስት ወፍራም ቧንቧ አናቱ ላይ አስረህ ሦስት እግር ሥራለት። መሬቱም ጭቃ አይሁን። ከሥሩ ማንም እንዳይገባ።

የባሶ ልጅ

ከሸኖ፣ ልብ ብያለሁ። ቧንቧ እንከራያለን።

ጋሼ፣ ብሎኖችና ሽቦዎች እንዳይምታቱብኝ ምን ላድርግ?

ጋሽ መፍቻ

የቲማቲም ጣሳ ሰብስብ። የእያንዳንዱን ዕቃ ብሎን በየጣሳው ክተትና ላዩ ላይ ጻፍበት። ሽቦ ከመንቀልህ በፊት ፎቶ አንሳ፣ ፕላስተር ለጥፈህ በሁለቱም ጫፍ ያንኑ ቁጥር ጻፍ። የካንዴላ ሽቦ ቅደም ተከተሉ 1፣ 3፣ 4፣ 2 ነው። ኮፈኑን ስትፈታ የማጠፊያውን ቦታ በቀለም ምልክት አድርግበት፣ አለበለዚያ ስትመልሰው አይገጥምልህም።

አንድ ሰው ሁሉ የሚረሳው ነገር አለ። ከሞተሩ ወደ ቦዲው የምትሄድ ማሳ (ኔጋቲቭ) ሽቦ አለች። እሷ ካልታሰረች የሞተሪኖው ኤሌክትሪክ ሌላ መንገድ ይፈልጋል። የሚያገኘው ደግሞ የነዳጅ መርገጫውን ገመድ ነው። ቁልፍ ስታዞር ሞተሪኖው ደከም ይላል፣ ገመዱ ይግላል፣ ፕላስቲኩ ቀልጦ ይጣበቃል። ከዚያ ነዳጅ እንደተረገጠ ይቀራል። ሰው ባትሪ ሞተ ብሎ ባትሪ ይገዛል።

የደሴ መስመር

ይህ እውነት ነው። በዓይኔ አይቻለሁ።

ሊብሬ አንባቢ

የድሮውን ብሎክ ሊብሬው እስኪስተካከል እንዳትሸጠው። ቁጥሩን ሊያዩት ሊፈልጉ ይችላሉ። ከተስተካከለ በኋላም ለማን እንደሰጠኸው ወረቀት ይኑርህ።

የባሶ ልጅ

እሺ እህቴ። ለብርዱስ ምን ላድርግ? ከጥቅምት ጀምሮ ጠዋት መስታወቱ በረዶ ይይዛል።

ጋሽ መፍቻ

መጀመሪያ ቴርሞስታት ግዛ። 82 ዲግሪ የሚከፈተው ይበቃሃል። ሙቅ ውሃ ውስጥ ክተተውና ሲከፈት እይ፣ ከዚያ እሰር። ራዲያተሩ ውስጥ ንጹህ ውሃ ብቻ አታድርግ፣ አንቲፍሪዝ ቀላቅልበት። የምትገዛው ሞተር ውስጥ ባዶ ውሃ ካለም አፍስሰው፣ ሌሊት ግቢ ውስጥ አታሳድረው።

የራዲያተር ክዳኑንም አዲስ አድርግ። ደብረ ብርሃን ላይ ክፍት ውሃ 91 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ክዳኑ ግፊት ካልያዘ ጤነኛ ሞተር እንኳ ጣርማ በር ላይ ይፈላብሃል፣ አንተም ሞተሩን ትሰድባለህ። ክዳኑ ላይ 0.9 የሚል ፈልግ።

ዘይቱን 20-50 አታድርግ፣ በውርጭ እንደ ማር ይረጋል። 10-40 ወይም 15-40 አድርግ።

ስታስነሳ መጀመሪያ የኮይሉን ሽቦ ንቀልና የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ በሞተሪኖ አዙር። በየመሃሉ ሞተሪኖውን አሳርፈው። ከዚያ ሽቦውን መልስና አስነሳ። ሲሞቅ ቫልቮቹን አስተካክል። ማስተካከያ ብሎን ካላቸው ማለቴ ነው፣ አንዳንድ 5ኬ በዘይት ራሱን የሚያስተካክል ነው፣ እሱን አትንካው። ከዚያ ካርቡራተሩን አንድ ቁጥር ባነሰ ጄት ሞክር፣ ታይሚንጉን ደግሞ ትንሽ አስቀድመው። ካንዴላው ቀይ ዳማ ሲሆን አቁም። ሸዋ ሮቢት የምትመላለስ ከሆነ ግን ብዙ አታሳሳው፣ ታች አየሩ ሲወፍር ሞተሩ ይግላል፣ ያንኳኳልም።

የባሶ ልጅ

ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። ሁሉንም ጽፌዋለሁ። ሞተሩን ለማየት ቅዳሜ እወርዳለሁ፣ የኮምፕሬሽን መለኪያውን ይዤ።

መሃል ሜዳ

ወንድሜ፣ የ4ኬህን ቴስታታ ትሸጠዋለህ? የኔው ተሰንጥቋል። ካርቡራተሩንም ከሸጥክ እወስዳለሁ።

የባሶ ልጅ

ቴስታታው ያንተ ነው፣ ስመለስ ደውልልሃለሁ፣ ስልክህን በውስጥ መስመር ላክልኝ። ካርቡራተሩን ግን አልሸጥም፣ የ5ኬው ካስቸገረኝ መልሼ እሱን አስራለሁ።